ወይን የሌለበት ወይና ደጋ

ልጆች ሳለን «ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ» እያልን በዜማ ስንሸመድድ፣ መካከለኛዋ ላይ ቆም ብሎ «ወይኑ የታል?» ያለ ተማሪ አላስታውስም። ደጋውን ማንም አያጣውም፤ የጉና ተራራ ነው፣ ውርጭ ነው፣ ገብስ ነው። ቆላውም ግልጽ ነው፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል፣ ማሽላው፣ ንዳዱ። ወረዳችን ስማዳ ሦስቱንም ይዛለች። ወይና ደጋ ግን ስሙ እንደሚነግረን የወይን ደጋ ነው፤ ወይን የሚበቅልበት ከፍታ። ከወገዳ ተነሥቶ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም ዞሮ ጋይንት ነፋስ መውጫ የደረሰ መንገደኛ ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ በየጓሮው ጌሾውን ያያል። የወይን ሐረግ አያይም።

ወይን በእኛ አገር የሚገኘው ደርቆ ነው። ገበያ ላይ ጧፍና ዕጣን ከሚሸጡት ዘንድ በትንሽ በትንሹ ተቋጥሮ ይቀመጣል፤ ዘቢብ። ጥቁር፣ ጭምድድ ያለች፣ ሲነኳት ጣት ላይ የምትጣበቅ ፍሬ ናት። ለመብል ብሎ የሚገዛት ብዙ ሰው የለም። የሚገዛት ስለት ያለበት ነው፤ ልጁ ከሕመም የተነሣለት፣ ከብቱ ከጠፋበት የተገኘለት፣ ወይም የደብሩ ታቦት የሚነግሥበት ቀን የደረሰበት። «ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ» ሲባል ሦስቱ ተያይዘው እንደ አንድ ቃል ነው የሚነገሩት፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው አንደበት አይቀበለውም።

ዘቢቡ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባ በኋላ የሚያርፈው ቤተ ልሔም በምትባለው ትንሽ ቤት ነው። የስሟ ትርጓሜ የእንጀራ ቤት ነው፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገረው፣ ወይኑም የሚዘጋጀው እዚያ ነውና። ዘቢቡ ይታጠባል፣ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል። ፍሬዋ ውኃውን ጠጥታ እንደገና ስትነፋና ሐረጓ ላይ የነበረችበትን ዘመን ስትመስል በእጅ ትታሻለች፣ ትጨመቃለች፣ ትጠለላለች። ጌሾ አይነካትም፣ ጋን አያውቃትም። ቀላ ያለው ጭማቂ ጽዋ ውስጥ ገብቶ፣ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ቃጭል እየተመታ ወደ መቅደስ ይሄዳል። «ወገዳ ላይ የወይን መጥመቂያ ልጎብኝ» የሚል እንግዳ ቢመጣብኝ የማሳየው ይህችን ቤት ነበር። ችግሩ፣ አገልጋይ ካልሆነ በቀር ማንም አይገባባትም።

የአካባቢያችን ሰው በወይን ሐረግ ባይታደልም በወይን ዜማ ተወዳዳሪ የለውም። ጋይንት ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። ዝማሬ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቈረበ ወዲያ የሚዜም ነው፤ አምስት ክፍል አለው፤ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምሥጢር። ልብ በሉ፤ ከአምስቱ አንዱ በሙሉ ለጽዋው ተመድቧል። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ እንጀራ እየለመነ ዓመታት የሚከርመው እዚህ ነው፤ ወይን በማይበቅልበት አምባ ላይ ስለ ወይን ጽዋ ለመዘመር። ድጓ የሚመሰከርበት ደግሞ እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም የሚባለው ደብር ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌላው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ውስጡ ግን አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ታቅፏል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ደርሶ ባየው ጊዜ ተደንቆ ለውጭው ዓለም ጻፈለት። የአገሩ ሰው መቼም አልጠፋበትም።

ሐረጉ ግን ሩቅ አልነበረም። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሊቦ ከምከም ውስጥ ይፋግ አለች። ዛሬ መንገደኛው በመኪና መስኮት የሚያያት ትንሽ ከተማ ናት። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በበጌምድር መካከል የሚመላለስ ነጋዴ የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ በዚያ ያለፉ አውሮፓውያን ተጓዦችም የአካባቢውን የወይን እርሻ አንስተዋል። ወይና ደጋ የሚለው ስም እንዲያው ባዶውን የተጣለ አይደለም ማለት ነው። ቃሉ እርሻውን ዐልፎ ቆየ።

አማርኛም የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። ለእኛ ጠጅ ብሎ ነገር የማር ነው፤ የወይኑ ሲመጣ «የወይን ጠጅ» ተባለ፤ እንደ እንግዳ፣ ከባለቤቱ ስም ተጠግቶ። ማርና ጌሾ በጓሮ እያለ ሦስት ዓመት ቆይቶ ለሚያፈራ ሐረግ ማን ይለፋል? የስማዳን ማር የቀመሰ ሰው ጥያቄዬን ይቀበለዋል።

አሁን ከጉና ላይ ወርደን ባሕር እንሻገር። ሊባኖስን የእኛ ሰው የሚያውቀው ከዳዊት ነው። ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ ሕፃን ሁሉ የሊባኖስን ዝግባ ያለ ካርታ ያውቀዋል። ነገሩ በቃል ብቻም አልቀረም። በሰሜን ሊባኖስ፣ በቀዲሻ ሸለቆ ዋሻዎች በመካከለኛው ዘመን ከተለያየ አገር የተሰበሰቡ መነኮሳት ሲኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። በኤህደን አጠገብ እስከ ዛሬ የሐበሾች ቅዱስ ያዕቆብ የሚባል ገዳም አለ። ሸለቆው ከዝግባው ደን ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከ15ኛው መቶ ዘመን መነኮሳት በኋላ ሐበሻ በብዛት ሊባኖስ የገባው በእኛ ዕድሜ ነው፤ የገባውም በወጥ ቤት በር ነው።

ከዝግባው ተራራ ማዶ በቃ የሚባል ሸለቆ አለ። ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለት ሰንሰለታማ ተራሮች መካከል ተዘርግቷል። በበዓልበክ ሮማውያን በ2ኛው መቶ ዘመን ለወይን አምላካቸው ለባኮስ ያቆሙት ቤተ ጣዖት ዓምዶቹ እንደ ቆሙ ናቸው። በዚሁ ሸለቆ በዛህሌ አጠገብ ክሳራ የተባለውን የወይን ቤት እ.ኤ.አ. በ1857 የመሠረቱት ኢየሱሳውያን ናቸው። እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን! ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ የገነቡት፣ ዐፄ ሱስንዮስን አስለውጠው አገር ያተራመሱት፣ ዐፄ ፋሲል በ1632 ከነገሡ በኋላ ጠራርገው ያስወጧቸው ማኅበርተኞች ናቸው። ሁለት መቶ ዓመት ዐልፎ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ የእነርሱ ወንድሞች በቃ ላይ ወይን ይተክሉ ነበር።

ክሳራን የሚጎበኝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ታች ይወርዳል። ከምድር በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የሮማውያን ዘመን ዋሻ አለ። ዋሻው የተገኘው በ1898 ነው፤ ዶሮ የሰረቀች ቀበሮ ስትሳደድ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ነው እያሉ አስጎብኚዎቹ ያጫውታሉ። ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜው አይለወጥምና በርሜልና ጠርሙስ ለዓመታት ይተኛበታል። ኢየሱሳውያኑ የወይን ቤቱን እስከ 1973 ይዘውት ቆይተው ሸጡት። ሌላው ስመ ጥር ቤት ሻቶ ሙሳር በ1930 ተመሠረተ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ከ1975 እስከ 1990 አገሪቱን ሲበላት የወይን ዘለላው ከበቃ ተጭኖ የተኩስ መስመር እያቋረጠ ጋዚር ወዳለው መጥመቂያ ይወርድ ነበር። በ1976 ግን መንገዱ ፈጽሞ ተዘጋና የዚያ ዓመት ወይን አልተጠመቀም። በእህል ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አዝመራው እርሻ ላይ የቀረበት ዓመት ትዝ ይለዋል።

በቃን ከእኛ ሰው ማን አየው? ከቤይሩት የተመለሰች የሰፈሬ ልጅ አይታዋለች፤ ከመኪና መስኮት። አሠሪዎቿ ለበጋ ወደ ዛህሌ ሲወጡ ከኋላ ወንበር ከልጆቹ ጋር ተጣብባ ተቀምጣ። «እንደ ባቄላ መስመር መስመሩን ነው ጋሼ፣ ማለቂያ የለውም» አለችኝ። ወርደሽ አላየሽም ወይ ብላት ሳቀች። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ሠራተኛይቱን ከአንድ አሠሪ ጋር አስሮ የሚያስቀምጥ ነውና። መንግሥታችን በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድን ከለከለ፤ ልጆቻችን ግን በዞረው መንገድ መሄዳቸውን አላቋረጡም። በ2019 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዛቸው ቀረ፤ በ2020 ቤይሩት የሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉትን ሴቶች መላው ዓለም በቴሌቪዥን አየ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 4 በእነርሱ አቆጣጠር የወደቡ ፍንዳታ መጣ።

የሰፈሬ ልጅ ይዛ የመጣችው ብዙ ገንዘብ አይደለም። እጇ ግን ተምሯል። የሊባኖስ ጣፋጭ ምጣድና ሌማት ብቻ ለሚያውቅ ቤት እንግዳ ጥበብ ነው። ትሪፖሊ የምትባለው የሰሜን ከተማቸው በዚህ የታወቀች ናት፤ የሐላብ ቤተሰብ ጣፋጭ ቤት ከ1881 ጀምሮ አለ። ክናፌ የሚባለው ከአይብ ተሠርቶ፣ ላዩ በሰሞሊና ተሸፍኖ፣ ቡናማ እስኪሆን ተጋግሮ፣ ሰሊጥ በተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ሆኖ በጠዋት ቁርስ ይበላል። በቅላዋ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ ተደራርቦ፣ በመካከሉ ለውዝና ፒስታቺዮ ገብቶበት፣ በቅቤ ርሶ ይጋገራል። ምሥጢሩ ስኳሩ ላይ ነው አለችኝ፤ በቅላዋው ከእሳት እንደ ወጣ፣ የቀዘቀዘው ስኳር ሲፈስበት «ጭስስ» ማለት አለበት። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ይላሽቃል። ይህን የስኳር ውኃ እነርሱ «አተር» ይሉታል። እመቤቲቱ መጀመሪያ ቀን «አተሩን አምጪ» ስትላት ጓዳውን ሁሉ አገላብጣ ምስር ይዛላት ሄደች። ምስሩን ስታነሣ ዛሬም ትስቃለች፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

እኔን የገረመኝ ግን ክናፌውም በቅላዋውም አይደለም፤ ጣፋጫቸው በበዓል መታሰሩ ነው። ለፋሲካ ማእሙል የሚሉትን በቴምር ወይም በለውዝ የተሞላ ኩኪስ በእንጨት ቅርጽ እየመቱ ያወጣሉ። በጥምቀት ድብልብሉን ሊጥ በዘይት ጠብሰው ስኳር ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፤ አዋማት ነው ስሙ። ሴት ስትወልድ ለጠያቂ የሚቀርበው መግሊ ነው፤ የሩዝ ዱቄት በቀረፋና በቅመም ተነኩሮ፣ ላዩ ለውዝ ተበትኖበት። በእኛ በኩል ገንፎ በቅቤና በበርበሬ መካከሉ ተጎድጉዶ የሚቀርብበት ወግ ነው። አራሷም ጠያቂዋም አንድ ናቸው፤ የተለየው ቅመሙ ነው።

በእነርሱ ታኅሣሥ 4 ደግሞ በርባራ አለ። ቅድስት በርባራ ከአባቷ ስትሸሽ የስንዴ ማሳ በቅሎ ሰወራት ይላሉ፤ ስለዚህ ስንዴ ይቀቀላል። የእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 8 ያስባታል፤ በጁልየስ አቆጣጠር ያው አንድ ቀን ነው፣ ወቅቱም ጾመ ነቢያት ነው። ልጅቱ ባለፈው ታኅሣሥ እናቷን ልታስደንቅ ስንዴውን ፈተገች፣ አበሰለች፣ ስኳርና ቀረፋ ጨመረች፣ በላዩም ዘቢብ በተነች። ዘቢቡን ከደብረ ታቦር ነበር ያስመጣችው፤ ግማሽ ፌስታል።

ወይን ለሚጠጣ አንባቢ አንድ ነገር ልበልና ወደ በርባራው ሳህን ልመለስ። የኢትዮጵያ ወይን ዛሬ የሚታየው ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ጉደርን፣ አክሱማይትንና ከሚላን ሲጠምቅ ኖሯል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ሐረግ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቀረበ፤ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት በእርሻው ዙሪያ ቦይ አስቆፍሯል፤ ጎብኚም ይቀበላል። ይፋግ ላይ ግን ማንም መልሶ ሲተክል አላየሁም። የገንዘቡም የውኃውም ስሌት ወደ ደቡብ ይስባል።

እናቷ ሳህኑን ተቀብለው አንድ ማንኪያ ቀመሱ።

«ይኼማ ንፍሮ ነው» አሉ።

«በርባራ ይሉታል እማ።»

«ንፍሮ ነው። ስኳር ምን አመጣው?» ደግመው ቀመሱ፤ አልጠሉትም። ሦስተኛውን ሲያነሱ ማንኪያው ላይ ያለችውን ጥቁር ፍሬ አዩና ቆሙ። «ዘቢብ ነው?»

«ዘቢብ ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑን?»

«ከሱቅ ነው እማ፣ ለምግብ ነው እኮ እዚያ።»

እናቷ መልስ አልሰጡም። ሳህኑን ጨርሰው አስቀመጡና ከመደቡ ላይ የተረፈውን ፌስታል አነሡ። አፉን ከፍተው አዩት፣ አሸተቱት፣ የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ዘቢቡን ሁሉ ገለበጡበትና ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። እሑድ ሩቅ አልነበረም።