በጉልበት መያዝ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ሰዎች እንክብካቤ በካልጋሪ

በጉልበት መያዝ አንድን ሰው ከፍላጎቱ ውጭ በእጅ፣ በቀበቶ ወይም በሌላ መሣሪያ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። በካናዳዋ የአልበርታ ግዛት፣ በካልጋሪም ጭምር፣ በአንድ ወቅት እንደ ሥርዓት ማስከበሪያ ይታይ የነበረው ይህ ድርጊት ዛሬ የመጨረሻ አማራጭ ተብሎ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅበታል።

ለውጡ የመጣው ከከፋ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በሬድ ዲር ከተማ የተከፈተው፣ በኋላ ሚችነር ማዕከል የተባለው ተቋም የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው የተባሉ ልጆችንም አዋቂዎችንም ከቤተሰብ ለይቶ ያኖር ነበር። ከ1928 እስከ 1972 በጸናው የግዛቱ የማምከን ሕግ 2,832 ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ከእነርሱ አንዷ የሆነችው ሌይላኒ ሚዩር በ1996 የግዛቱን መንግሥት ከስሳ ረታች። የሰው አካል እንዲህ በሌላ ሰው ውሳኔ ሥር በዋለበት ዘመን እጅን ጠምዝዞ መያዝ ማንንም ባያስደነግጥ አይገርምም።

በካልጋሪ በ1969 የተቋቋመው፣ ዛሬ ቬኮቫ የሚባለው የምርምርና የሥልጠና ተቋም በሮይ ብራውን መሪነት ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ሰውየው ራሱ ምን ዓይነት ኑሮ ይሻል? ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ወዲህ ጸጥታ ብቻውን የጥሩ እንክብካቤ ምልክት መሆኑ ቀርቷል።

አስቸጋሪው በድጋፍና በእስራት መካከል ያለውን ድንበር መለየት ነው። የዊልቼር ቀበቶ ወገቡ ለማይጸና ሰው ድጋፍ ነው፤ መሄድ የሚችል ሰው እንዳይነሣ ሲታሰርበት ግን ያው ቀበቶ እስራት ይሆናል። መናገር የማይችል ሰው ድንገት ጉንጩን መምታት ቢጀምር ጥርሱ ታሞ ሊሆን ይችላል። እጁን የያዘው ተንከባካቢ ምቱን ያስቆማል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። በደረት አስተኝቶ ከጀርባ መጫን ደግሞ ትንፋሽ አሳጥሮ ሊገድል ይችላል። ራሱን ወደ መኪና መንገድ የሚወረውርን ሰው ለማዳን ለአፍታ መያዝን የሚነቅፍ እምብዛም የለም፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው።

ክርክሩ ትምህርት ቤቶችም ዘልቋል። በ2019 መጀመሪያ የወቅቱ የግዛቱ የትምህርት ሚኒስትር ዴቪድ ኤገን ተማሪዎች ለብቻ የሚዘጋባቸውን ክፍሎች ከመስከረም ጀምሮ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። ከምርጫ በኋላ በቦታቸው የተተኩት አድሪያና ላግሬንጅ ክልከላውን ሽረው ከኖቬምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሠራ የአፈጻጸም መመሪያ አወጡ። መመሪያው መዝጋትንም ሆነ መያዝን ለቅጣት መጠቀምን ይከለክላል፤ ለወላጅ ማሳወቅንም ግዴታ ያደርጋል። ያም ሆኖ ኢንክሉዥን አልበርታ የተባለው የቤተሰቦች ማኅበር የሚጠይቀው የእነዚህን ክፍሎች ፍጹም ክልከላ ነው።

በኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለውን ልጅ ማሰር በአብዛኛው የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ረዳት ያጣች እናት ሥራ ውላ እስክትመለስ ታስረዋለች። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ከተደበቁበት ማውጣት የተቻለው ቀን የሚውሉበት ቦታ በማዘጋጀት ነበር።

ካናዳም ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቀዋል። በካልጋሪ በእንክብካቤ ሙያ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ሰው ለመያዝ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት የዚያን ሰው የእንክብካቤ ዕቅድ ያንብቡ፣ በዕቅዱ ያልተጻፈ አያያዝ ሲታዘዙም ለምን ብለው ይጠይቁ።