የሲም ካርዱ ዋስትና፦ የሞባይልና የዋይፋይ አውታሮች የተጋጠሙበት ታሪክ

የሞባይል አውታርና ዋይፋይ ተብሎ የሚታወቀው የአጭር ርቀት ገመድ አልባ አውታር ዛሬ በአንድ የስልክ ቀፎ ውስጥ ጎን ለጎን ቢገኙም፣ የተወለዱት በተለያየ ሕግ ሥር ነው። ጂኤስኤም የተባለው የሁለተኛ ትውልድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ ሥራ ሲጀምር፣ መንግሥት ለኦፕሬተሩ ለብቻው በፈቀደለት የሬዲዮ ሞገድ ላይ የቆመና ደንበኛውን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያስከፍል አገልግሎት ነበር። ዋይፋይ በአንጻሩ የበቀለው የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 ያለ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ከከፈታቸው የሞገድ ክልሎች ሲሆን፣ በ1997 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃው በሰከንድ እስከ 2 ሜጋቢት፣ በ1999 የተከተለው ደግሞ እስከ 11 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር። ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስን ተጠቃሚ ማንነት በየደረሰበት የሚያረጋግጥ የጋራ ሥርዓት አልነበረውም።

ሁለቱን ለማጋጠም ከገፋፉት ምክንያቶች ዋነኛው ገንዘብ ነው። በ2000 በተካሄዱት የሦስተኛ ትውልድ የሞገድ ጨረታዎች ብሪታንያ ከ22 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ፣ ጀርመን ደግሞ 50 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ስለሰበሰቡ፣ ኦፕሬተሮቹ በከባድ ዕዳ ላይ ሆነው አዲሱን አውታር መገንባት ነበረባቸው፤ ያን ያህል የተከፈለበት አውታር በመጀመሪያ ዓመታቱ ይሰጥ የነበረው ፍጥነት ግን በአንድ ካፌ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ የዋይፋይ ሣጥን ያነሰ ነበር። የአውሮፓ ቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ሁለት መንገዶችን ለይቶ አጠና፤ አንደኛው ገመድ አልባው አውታር እንደ አንድ የሞባይል ማሠራጫ ጣቢያ ተቆጥሮ ወደ ኦፕሬተሩ ዋና አውታር በቀጥታ የሚገባበት ጥብቅ ጥምረት ሲሆን፣ ሁለተኛው መረጃው በራሱ የኢንተርኔት መስመር እየሄደ የማንነት ማረጋገጫውና የሒሳብ አያያዙ ብቻ የሚጋሩበት ልል ጥምረት ነው።

ቀድሞ ሥር የሰደደው ልሉ ነው፤ የዚህም ምክንያት ሲም ካርዱ ነበር። ኦፕሬተሩ በካርዱ ውስጥ ያስቀመጠው ምሥጢራዊ ቁልፍ ከካርዱ አይወጣም፤ አውታሩ 128 ቢት ርዝመት ያለው የዘፈቀደ ቁጥር ሲልክ ካርዱ ቁጥሩን ከቁልፉ ጋር አስልቶ 32 ቢት ምላሽ ይሰጣል፣ ከዚያው ስሌት የሚወጣው 64 ቢት ቁልፍ ደግሞ ንግግሩን ለማመሥጠር ያገለግላል። ይህን አሠራር ወደ ዋይፋይ ያሻገረው ኢኤፒ-ሲም የተባለው ፕሮቶኮል፣ 64 ቢት ለዋይፋይ ጥበቃ አጭር በመሆኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ልኮ ከውጤታቸው ጠንካራ ቁልፍ ያወጣል። ከዚህም በላይ በጂኤስኤም ስልኩ አውታሩን የሚያረጋግጥበት መንገድ ስላልነበረ፣ አዲሱ ፕሮቶኮል አውታሩም ማንነቱን ለስልኩ እንዲያስረዳ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 በይፋ የታተመው ይህ ሰነድ ኦፕሬተሩ ባልተከለው ሣጥን ላይ ለደንበኛው ዋስ የሚሆንበትን መንገድ ያበጀ በመሆኑ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከየትኛውም የሬዲዮ ፈጠራ ያላነሰ ቦታ ይገባዋል።

የጥብቁ ጥምረት ታላቅ ሙከራ ዩኤምኤ ነው። የተወሰኑ ኩባንያዎች በ2004 ያወጡትና ስሪጂፒፒ፣ ማለትም የሞባይል ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት፣ በ2005 የተቀበለው ይህ ሥርዓት፣ በተመሠጠረ የኢንተርኔት መስመር በኩል የሚመጣውን ጥሪ ለዋናው አውታር ከተራ የማሠራጫ ጣቢያዎች እንደመጣ አስመስሎ የሚያቀርብ መቆጣጠሪያ ነበረው። በዚህም ቤቱ ውስጥ በዋይፋይ ሲነጋገር የነበረ ሰው ወደ ደጅ ሲወጣ፣ ስልኩ የሞገዱን መዳከም ለክቶ ሽግግር ይጠይቃል፣ መቆጣጠሪያውም ከአካባቢው ጣቢያ መስመር ያስይዝለትና ጥሪው ሳይቋረጥ ወደ ጂኤስኤም ይሻገራል። የብሪታንያው ቢቲ፣ የሞባይል ክፍሉን በ2001 ከራሱ ለይቶ ስለነበር፣ በ2005 ፊውዥን የተባለውን አገልግሎት የጀመረው በቮዳፎን አውታር ላይ ሲሆን፣ በቤት ውስጥም መጀመሪያ ብሉቱዝን፣ በኋላ ዋይፋይን ተጠቅሟል። ቲ-ሞባይል በአሜሪካ ተመሳሳዩን በሰኔ 2007 በመላ አገሪቱ አቀረበ፤ በዚያው ወር የወጣው አይፎን ግን ዋይፋይ ቢኖረውም ዩኤምኤን አልያዘም። ሥርዓቱ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ቀፎዎችን የሚጠይቅ መሆኑ አጠበበው፤ ቢቲም ፊውዥንን በ2009 ከገበያ አወጣ። ሆኖም ዩኤምኤን በሽያጩ ብቻ መመዘን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ባልታመነ አውታር ላይ የተመሠጠረ መስመር ዘርግቶ በሲም ካርዱ ማረጋገጥ የሚለው ዋና ሐሳቡ ኋላ በተሠራው ሥርዓት ውስጥ በሕይወት ቀጥሏልና።

ይህ ሥርዓት የአራተኛው ትውልድ አውታር ድምፅንም እንደ ማንኛውም የኢንተርኔት መረጃ መያዝ ሲጀምር የመጣ ነው። ጥሪው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ከሆነ ዘንድ ጣቢያ መስሎ መቅረብ ቀረ፤ ስልኩ ከኦፕሬተሩ መግቢያ በር ጋር የተመሠጠረ መስመር ይዘረጋል፣ ካርዱም ደንበኛውን ያስመሰክራል። በ2014 አይፎን 6 በዋይፋይ መደወልን ይዞ ሲወጣ፣ ለልዩ ቀፎዎች ተወስኖ የቆየው አገልግሎት ለብዙኃኑ ደረሰ።

የካርዱ ዋስትና የራሱ ጉድለትም ነበረበት። በኢኤፒ-ሲም ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ቋሚ የደንበኛ መለያ ቁጥሩን ሳያመሠጥር ሊልክ ስለሚችል፣ በአቅራቢያው ሞገዱን የሚያዳምጥ ሰው ባለቤቱን መከታተል ይቻለው ነበር፤ ዋይፋይን ከዋናው አውታር ጋር የሚያገናኝ የራሱ መግቢያ ያለው የአምስተኛው ትውልድ ደረጃ ይህን ቁጥር በኦፕሬተሩ ይፋዊ ቁልፍ አመሥጥሮ መላክ የሚያስችል ሥርዓት ያበጀው በዚህ ምክንያት ነው።