«ጓዘ ቀላል» እንበል

ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ እየወጡ መናገሻን፣ ደንዲንና ወንጪን በእግራቸው የሚያዳርሱ ሰዎች እየበዙ ነው። «ሃይኪንግ» የሚለው ቃል ከገባ ቆየ፤ «ሃይክ አደረግን» ማለትንም ጆሮ ለምዶታል። ሊለመድ የማይገባው ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ዕቃን እስከ መጨረሻው ቀንሶ ረጅም መንገድ በእግር የመሄድን ዘዴ፣ በእንግሊዝኛ «አልትራላይት» የሚባለውን፣ ቃል በቃል ገልብጦ «ቀላል ክብደት የእግር ጉዞ» ማለት። የአማርኛ አንባቢ «ቀላል ክብደት»ን የሚያውቀው ከቦክስ ዜና ነው። አሳጥረው «ቀላል የእግር ጉዞ» ሲሉት ደግሞ ይብሳል፤ አያደክምም፣ ሽማግሌም ሕፃንም ይወጣዋል ማለት ይሆናል። ከአምቦ ወይም ከጉደር ተነስቶ ወደ ወንጪ ጫፍ የሚወጣ ሰው ግን ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለውን መንገድ «ቀላል» ብሎ መጥራት ጀማሪውን ሳይዘጋጅ እንዲወጣ ያደርገዋል። የቀለለው ዕቃው ነው፤ መንገዱ እንደከበደ ነው። ስያሜ ይህን ካልለየ ምን ይጠቅማል?

ዘዴው ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከምግብ፣ ከውኃና ከነዳጅ በቀር የሚሸከሙት ሁሉ ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። በአሜሪካ ያስፋፋው ሬይ ጃርዲን የተባለ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከእሱ በፊት ግን ኤማ ጌትዉድ የተባሉ የ67 ዓመት አያት እ.ኤ.አ. በ1955 ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት በትከሻቸው አንግተው፣ በሸራ ጫማ፣ ለዝናቡ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ይዘው፣ ከ3,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላቺያን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሄደውታል። የዘዴው ፍሬ ነገር እንግዲህ ውድ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ምን መተው እንዳለበት ማወቅ ነው።

ለዚህ ዕውቀት አማርኛ ከሩቅ የሚበደረው ቃል የለም። «ጉዞ» እና «ጓዝ» ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው፤ ተጓዘ፣ አጓጓዘ፣ መጓጓዣ ሁሉም ከዚያው ይወጣሉ። ትግርኛ «ጉዕዞ» ሲል አማርኛ የዋጣትን «ዕ» ዛሬም ጠብቆ ይዟታል። በግዕዝ «ግዕዘ» ከቦታ ቦታ ሄደ፣ ፈለሰ ማለት ነው፤ ነጻነትን የሚያመለክተው «ግዕዛን»ም ከዚሁ ፊደል የተሠራ ነው። ቋንቋው መንገደኛውንና የያዘውን ዕቃ ለይቶ አያያቸውም። በድሮው አነጋገር ጓዝ ሲባል ድንኳኑም፣ ማድ ቤቱም፣ የጫኑት አጋሰሶችም ጭምር ነበሩ። ዛሬም በስሜን ተራሮች ከደባርቅ የሚነሳ ጎብኚ ጓዙን በበቅሎ ያስጭናል፤ ስለ ግራም የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ጥያቄው የሚነሳው በቅሎዋ ስትቀር ነው፤ ስለዚህም የቃሉ መነሻ «ጓዝ» መሆን አለበት።

እኔ የምመርጠው «ጓዘ ቀላል» ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ዐይነ ስውር፣ ልበ ሙሉ፣ አፈ ጮሌ እንደምንለው። ይህ አሠራር ለሰውነት ክፍል ብቻ የተፈቀደ ነው የሚል ቢኖር፣ ስመ ጥር፣ ዕድለ ቢስ፣ ምግባረ ብልሹ ምን ሊባሉ ነው? ትልቁ ጥቅሙ ቅለቱ የማን እንደሆነ ሳያወላዳ መናገሩ ነው፤ «ጓዘ ቀላል ጉዞ» የሰማ ሁሉ የቀለለው ጓዙ መሆኑን ያውቃል። ቃሉ ይረባልም። ሰውየው ጓዘ ቀላል፣ ብዙ ሲሆኑ ጓዘ ቀላሎች፣ ልማዱ ጓዘ ቀላልነት ይባላል። «ቀላል ክብደት የእግር ጉዞ» ሰውየው የሚጠራበት ቃል እንኳ አይወልድም። «ጓዝ አልባ» የሚለው አማራጭ ለጆሮ ያምራል፤ ግን ውሸት ነው፤ ጓዘ ቀላሉ ጥቂት ይይዛል እንጂ ባዶ እጁን አይወጣም። ጠንካራው ተፎካካሪ «ሸክመ ቀላል» ነው። ጀርባ ላይ ያለውን በቀጥታ ይጠራል፣ ከወንጌልም የተነሳ ሸክምና ቅለት አብረው ሲጠሩ ሕዝቡ ለምዷል። ነገር ግን ሸክም ተጭኖ የሚሰማ ነው፤ ጓዝ ከመነሳት በፊት ቤት ውስጥ የሚመረጥና የሚጠቀለል ነው። ጥበቡ ያለውም እዚያው፣ ከመነሳት በፊት ነው።

«አልትራላይት ብንለውስ? ባቡርንም ስልክንም ተቀብለናል» የሚል ክርክር ይመጣል። «ሃይኪንግ»ን ማንም አያባርረው። ባቡርና ስልክ ግን ከማናውቀው ዕቃ ጋር የመጡ ስሞች ናቸው፤ ስንቅ ቋጥሮ ረጅም መንገድ መሄድን የሚያስተምረን የውጭ ቃል አያስፈልገንም። የጉደርና የአምቦ ሰው አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የአማርኛ ቃል ለምን ይበጅለታል የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ክብር ይገባዋል። አፋን ኦሮሞ የራሱን ያወጣል፤ ማንም ሊያወጣለት አይገባም። እዚህ የምንነጋገረው በአማርኛ ለሚጽፉትና ለሚያነቡት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ መንገድ ላይ ሲበዳደሩ ኖረዋል፤ ለመንገደኛ ከሚሰነቁት ሁሉ የተመረጠው ጭኮ ከነስሙ ከኦሮሞ ማጀት የመጣ ነው።

ስንቅን ካነሳን፣ ባለሙያዎቹ «መነሻ ክብደት» እያሉ የሚቸገሩበትን፣ ማለትም ምግቡ፣ ውኃውና ነዳጁ ሳይቆጠሩ ያለውን ክብደት፣ አማርኛ ከጥንት ለይቶታል፤ «ስንቅና ትጥቅ»። ስንቅ እየተበላ የሚያልቅ፣ ትጥቅ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ። ትጥቅ ጠመንጃን ያስታውሳል የሚል ቢኖር፣ ቃሉ ወገብን ከመታጠቅ የተነሳ መሆኑን፣ ጋዜጦቻችንም ለማሊያና ለጫማ «የስፖርት ትጥቅ» ሲሉ መኖራቸውን ልብ ይበል። ክፍፍሉ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይታያል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በሶ የሰነቀ ምድጃውንም ነዳጁንም ከትጥቁና ከስንቁ ያወጣል። ጭኮ ቅቤ ስላለው በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ስብ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ ስታርች የሚሰጠው 4 ነው። ውኃ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ምንጩ የት እንዳለ የጠየቀ ሰው ግማሹን ትቶ ይሄዳል። ጋቢን ግን ለወንጪ ሌሊት አልመክርም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ጥጥ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ውኃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ማሞቁንም ይተዋል። ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ይህን ሁሉ አመዛዝኖ የተነሳ ሰው «ትጥቄ 4 ኪሎ፣ ስንቄ 3 ኪሎ» ቢል፣ ወንጪ ላይ ፈረስ የሚያከራየውም ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።