መልእክተኞቹ የት ይገናኛሉ?

ፈጣኑ እግረኛ 100 እርምጃ ሲሄድ ዘገምተኛው 60 ብቻ ይሄዳል። ዘገምተኛው 100 እርምጃ ቀድሞ ከተነሳ፣ ፈጣኑ ስንት እርምጃ ተራምዶ ይደርስበታል? ጥያቄው የሚገኘው ከ2000 ዓመታት ገደማ በፊት በተጠናቀረው የቻይናውያን የሂሳብ ድርሳን፣ «ዘጠኙ ምዕራፎች» ውስጥ ነው። በስሌቱ ውስጥ ፍጥነት የሚባል ቁጥር የለም። ፈጣኑ በየ100 እርምጃው ክፍተቱን በ40 ያጠብባል፤ መዝጋት ያለበት 100 ነው፤ ስለዚህ መልሱ 250 ይሆናል።

በዚያው ድርሳን ያለው የእንግዳው ጥያቄ ደግሞ ይበልጥ ይማርከኛል። በቀን 300 ሊ (ሊ የቻይናውያን የርቀት መለኪያ ነው) የሚጋልብ እንግዳ ልብሱን ረስቶ ይሄዳል። ያረፈበት ቤት ባለቤት ነገሩን የሚያስተውለው የቀኑ ሲሶ ካለፈ በኋላ ነው። በፈረስ ተከትሎ ይደርስበታል፤ ልብሱን ሰጥቶ ቤቱ ሲመለስ የቀኑ ሦስት አራተኛ አልፏል። ፈረሱ በቀን ስንት ሊ ይሄዳል? ባለቤቱ ደርሶ ለመመለስ የፈጀበት 5/12 ቀን ነው፤ ለመድረስ ብቻ የግማሹን፣ 5/24 ቀን ወስዶበታል። እንግዳው እስከዚያች ቅጽበት የጋለበው 13/24 ቀን ነው። የዛሬ ተማሪ የፈረሱን ፍጥነት ሸ ብሎ፣ ሸ × 5/24 = 300 × 13/24 ብሎ ይጽፍና 780 ሊ ያገኛል። እኩልታውን ያቆመው ግን ሸ አይደለም፤ ሁለቱ ሰዎች እስከሚገናኙበት ድረስ የሄዱት መንገድ አንድ መሆኑን ማየት ነው።

ርቀትን ለጊዜ ማካፈል ለእኛ ቀላል ነው፤ ለግሪኮች ግን የማይሆን ነገር ነበር። በኤውክሊድ ሥርዓት ጥምርታ የሚኖረው በአንድ ዓይነት መጠኖች መካከል ብቻ ነው፤ ርቀት ከርቀት፣ ጊዜ ከጊዜ ጋር። ጋሊሊዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የእኩል ፍጥነት እንቅስቃሴን ያስረዳው በእነዚህ ጥምርታዎች ነው። የባግዳዱ አል ኽዋሪዝሚ በ820 ገደማ የጻፈው አልጀብራም ሙሉ በሙሉ በቃላት የተጻፈ ነበር። ፊደል በቁጥር ቦታ በሥርዓት የገባው ፈረንሳዊው ቪየት በ1591 ባሳተመው ሥራ ነው።

ኒውተን በካምብሪጅ ያስተማረው አልጀብራ በ1707 ታተመ። በውስጡ 59 ማይል ተራርቀው ለመገናኘት የሚጓዙ ሁለት መልእክተኞች አሉ። አንደኛው በ2 ሰዓት 7 ማይል፣ ሌላው በ3 ሰዓት 8 ማይል ይሄዳል፤ ሁለተኛው የሚነሳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ኒውተንም ቢሆን «በሰዓት 3.5 ማይል» አላለም። የመጀመሪያው የሄደውን ርቀት ሸ እንበለው። እሱ የተጓዘበት ጊዜ 2ሸ/7፣ የሌላው 3(59 − ሸ)/8 ነው፤ ልዩነታቸው 1 ሰዓት ነው። ሸ = 35 ማይል።

ተማሪዎቻችን ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ የተጻፉባትን ሦስት ማዕዘን አስቀድመው ሲሸመድዱ ሳይ እቆረቆራለሁ። ቀመሯ ትክክል ናት፤ ግን እኩል የሆነው ነገር ርቀቱ ይሁን ጊዜው ወይስ የጊዜ ልዩነቱ አትነግራቸውም። ያንን የሚነግራቸው ታሪኩን በጥሞና ማንበብ ነው።

ኒውተን የመልእክተኞቹን ጥያቄ በቁጥር ብቻ አልተወውም፤ በፊደላት አጠቃሎ ወዲያው ወደ ሰማይ ወሰደው። ፀሐይ በቀን 1 ዲግሪ፣ ጨረቃ 13 ዲግሪ ይጓዛሉ። ፀሐይ በሸርጣን ኮከብ መነሻ ላይ ናት፤ ከ3 ቀን በኋላ ጨረቃ በበግ ኮከብ መነሻ፣ ማለትም ከዚያ 90 ዲግሪ ወደኋላ ትገኛለች። ቀኖቹን ቀ ብንል፣ 90 + ቀ = 13(ቀ − 3) ይሆናል፤ ጨረቃም ፀሐይን የምትደርስባት በሸርጣን 10¾ ዲግሪ ላይ ነው።