መስታወትን በማብሪያ የሚያጠሩት የፈሳሽ ክሪስታል ጠብታዎች

በሁለት ግልጽ ሽፋኖች መካከል የታቀፉ ጥቃቅን የፈሳሽ ክሪስታል ጠብታዎች፣ እንደ ወተት የነጣን መስታወት ማብሪያ ሲጫን ወዲያውኑ ጥርት እንዲል ያደርጉታል። ይህ መስታወት በስብሰባ ክፍሎች፣ በሕክምና ተቋማትና በመኖሪያ ቤቶች መጋረጃን ተክቶ ይሠራል። ሊገዛው ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊያነሳው የሚገባው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ መብራት ሲጠፋ መስታወቱ ምን ይሆናል?

ከድሪምላይነር መስኮት በምን ይለያል?

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲያትል ደቡብ ምሥራቅ ሰፈር፣ በሬኒየር ቢች፣ የቦይንግ ስም እንግዳ አይደለም። የኩባንያው የሬንተን ፋብሪካ ከሰፈሩ በስተደቡብ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ በተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር የተጓዙ ሰዎች ደግሞ በቁልፍ የሚጠቁረውን መስኮት ያውቁታል።

ሁለቱ ቴክኖሎጂዎች ብዙ ጊዜ ቢምታቱም የተለያዩ ናቸው። የድሪምላይነሩ መስኮት የሚጠቁረው በውስጡ ያለው ጄል በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙን ሲለውጥ ነው። ለውጡ ዝግ ያለ ሲሆን፣ በጠቆረውም መስኮት ውጭው ይታያል። ባለ ጠብታው መስታወት ግን ብርሃንን አያጠቁርም፤ ይበትነዋል እንጂ። ለውጡም ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል።

ጠብታዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ወተት ነጭ ሆኖ የሚታየው በውስጡ የተበተኑት የቅባት ጠብታዎች ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው። ዘይት የነካው ወረቀት በአንጻሩ ብርሃን ያሳልፋል፤ በወረቀቱ ክሮች መካከል የነበረውን አየር ብርሃንን ከክሮቹ ጋር በተቀራረበ መጠን የሚሰብር ዘይት ይተካዋልና። ባለ ጠብታው መስታወት ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

በጠብታው ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች እንደ ዘንግ ረዘም ያሉ በመሆናቸው፣ ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን እንደ አቋቋማቸው ይለያያል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ የየጠብታው ሞለኪውሎች ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ ብርሃኑ ይበተናል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማሉ፤ ብርሃን የሚሰብሩበትም መጠን ከከበባቸው ፖሊመር ጋር ይስተካከላል። ያን ጊዜ ብርሃኑ ጠብታ እንደሌለ ያህል ያልፋል። ጠብታዎቹ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም ለብርሃን የሞገድ ርዝመት የቀረበ ስፋት ሲኖራቸው መበተኑ ይጠነክራል።

ከካሮት እስከ መስኮት

ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ራይኒትዘር እ.ኤ.አ. በ1888 ከካሮት የተገኘ የኮሌስትሮል ውሕድ ሲያሞቅ፣ ውሕዱ በ145 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀልጦ ደብዛዛ ፈሳሽ ሆነ፤ በ179 ዲግሪ ገደማ ደግሞ ጠራ። የፈሳሽ ክሪስታል ጥናት የተጀመረው ከዚህ ነው።

አሜሪካዊው ጄምስ ፈርጋሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈሳሽ ክሪስታልን ፖሊመር ከሟሟበት ውሃ ጋር በመምታት ኢመልሽን አዘጋጀ፤ ውሃው ሲደርቅ ጠብታዎቹ በስስ ፊልም ውስጥ ታቅፈው ቀሩ። በዚያው አሥርት ዓመት በኦሃዮ የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳዩ፦ ፈሳሽ ክሪስታሉ ፖሊመር ከሚሆነው ፈሳሽ ጋር ይዋሐዳል፤ ፈሳሹ ሲጠነክርም ጠብታዎቹ በራሳቸው ይለያሉ።

መብራት ሲጠፋ

የተለመደው ዓይነት ጥርት ብሎ ለመቆየት ያልተቋረጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኃይል ሲቋረጥ ይነጣል። ይህ ለመመርመሪያ ክፍል መልካም ነው፤ መብራት ቢጠፋም የታካሚው ገመና ይጠበቃል። ለተሽከርካሪ የፊት መስታወት ግን አደገኛ ይሆናል። ለዚህም ኃይል ሲቋረጥ ጥርት ብሎ የሚቀር ተቃራኒ ዓይነት ተሠርቷል።

ሌሎች ገደቦችም አሉት። የተበተነው ብርሃን አብዛኛው ወደ ፊት ስለሚያልፍ፣ የነጣው መስታወት የፀሐይን ሙቀት በመከላከል ረገድ ደካማ ነው። ጥርት ያለውም ከጎን ሲያዩት ይደበዝዛል። ወደነጣው መስታወት ተጠግቶ የቆመ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ከኋላው መብራት ካለ፣ ጥላው ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ መስታወቱ ያለ ኤሌክትሪክ ምን እንደሚመስል አስጠፍቶ ቢመለከት ይበጀዋል።