‹‹በራሪ ወረቀት››፤ የአንድ አነጋገር ታሪክ ከበላያ ተራራ አንጻር

‹‹በራሪ ወረቀት›› የሚለው አነጋገር በአማርኛችን የታወቀ ነው። የሱቅ ማስታወቂያም፥ የጤና ምክርም፥ የፖለቲካ ጥሪም በዚሁ ስም ይጠራል። ወረቀቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ አይበርም። ስለዚህ በረራው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ብዙ ሰው ከአይሮፕላን ነው ብሎ ይመልስ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጀርመኖች አይሮፕላን ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድመው ያልተጠረዘውን ነጠላ ሕትመት ‹‹ፍሉግብላት››፥ ማለት በራሪ ቅጠል፥ ይሉት ነበር። በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ያሠራጩ ነበር። እንግዲህ ወረቀት ለመሠራጨት የግድ ክንፍ አላስፈለገውም።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ በእውነት በረረ። አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከቦምቡና ከመርዙ ጋር ‹እጃችሁን ስጡ› የሚል ወረቀት ጭምር ይጥሉ ነበር። ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ደግሞ ያው ሰማይ ሌላ ቃል አወረደ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገቡ፤ ማኅተማቸው ያለበት ዐዋጅም በእንግሊዝ አይሮፕላኖች በጎጃም ላይ ተበተነ። በዚህ የስብከት ሥራ ዋና ድርሻ የነበረው ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ነው።

መተከል በዚያን ጊዜ በጎጃም ሥር ነበር። ዛሬ ማንቡክ ዋና ከተማው የሆነችለት የዳንጉር ወረዳ የበላያን ተራራ ይዟል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው፥ በዚያው ወር መጨረሻ በላያ ደረሱ። ወረቀቱ ቀድሞ በረረ፤ ባለማኅተሙ በምድር ተከተለ።

በዚህ አገር የጉሙዝ፥ የሺናሻና የአገው ሕዝብ በየቋንቋው ይነጋገራል፤ አማርኛ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ሰው ነበር። ለሌላው የወረቀቱ ቃል የሚደርሰው በአንባቢና በአስተርጓሚ አፍ ነው። የሁለት ባላንጣ ወረቀት ከአንድ ሰማይ በሚወርድበት ጊዜ፥ አድማጩ ‹‹ምን ይላል?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹የማን ማኅተም አለበት?›› ብሎም መጠየቅ ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ አነጋገሩ ከአይሮፕላን ተላቀቀ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ወረቀቱ በየደጁና በየመንገዱ ይበተን ነበር፤ ‹‹በተነ›› የሚለው ግስም ዘር ከሚበትነው ገበሬ ጋር አንድ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ በቀይ ሽብር ጊዜ፥ በራሪ ወረቀት ይዞ መገኘት ለሞት ያበቃ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ወረቀቱን የሚያስታምነው ማኅተሙ ሲሆን፥ በዚህ ጊዜ ግን የጸሐፊውና የበታኙ አለመታወቅ መጠለያ ሆነ። የበረራውም ትርጕም ተለወጠ፤ ከላይ የሚወርድ ማለት ቀርቶ፥ እጁ የማይታይ ሰው የላከው ማለት ሆነ።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያገኝ ጽሑፉን ማንበብ ብቻ አይበቃውም። ማን በተነው፥ ማን አነሣው፥ ማንስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሌላው አነበበው ብሎ መመርመር አለበት። ያነሣው ሰው ስሙ በወረቀቱ ላይ አይገኝም፤ ነገር ግን ሕይወቱን ያስያዘው እርሱ ነው።