የተለየው ስኒ፦ ጉርምስናና እኩያነት በከፋ ታሪክ

አማርኛ በዕድሜ የሚመሳሰሉትን ሰዎች «እኩዮች» ይላቸዋል። ቃሉ በድምፅም በፍቺም ከ«እኩል» ጎን የቆመ ነው። በአንድ ዘመን ተወልደው በአንድ ሜዳ የቦረቁ ደግሞ አብሮ አደጎች ይባላሉ፤ አብሮ አደግ በሕዝቡ ዘንድ ከወንድም የማያንስ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ የኅብረተሰብ ታሪክ ሁልጊዜ የቃላትን ፍቺ ተከትሎ አይሄድም። በዕድሜ እኩያ፣ በማዕድ ግን ባዕድ የሆኑ ወጣቶች በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ማዕዘናት ኖረዋል። ከእነዚህ ማዕዘናት አንዱ የከፋ ምድር ነው።

ዋጫ በከፋ የጨና ወረዳ ከተማ ናት። ደን፣ ቡና፣ እንሰትና ማር የአካባቢዋ ሀብት ናቸው። ገበያ በቆመ ቀን ከጫካው ዳር ማገዶና ከሰል ተሸክመው ከሚመጡት መካከል የማንጆ ተወላጆች ይገኛሉ። በእነርሱ እንጨት ቡናውን የሚያፈላው ቤት፣ እንጨቱን ላመጣችው ልጃገረድ ያንኑ ቡና በቤተሰቡ ስኒ አይሰጣትም ነበር። ልጅቱ ከደጅ ትቆማለች፤ የሚሰጣት ቢኖር በኮባ ቅጠል ወይም ለእርሷ ተለይቶ በተቀመጠ ዕቃ ነው። በቤቱ ውስጥ ደግሞ የዕድሜ እኩያዋ የሆነች ልጅ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። አንዷ መከልከልን፣ ሌላዋ መከልከል መብቷ መሆኑን በአንድ ቅጽበት ይማራሉ። ይህ ልማድ በብዙ ቦታ ቢላላም ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም።

የክልከላው ሥረ መሠረት

በከፋ ነገሥታት ዘመን ኅብረተሰቡ በጎሳና በሙያ ደረጃ ከላይ ወደ ታች የተዋቀረ ነበር። በአናቱ ታቶ የሚባለው ንጉሥና ሚክሬቾ የሚባሉት ሰባት አማካሪዎቹ ነበሩ። በእነርሱ ሥር አራሹ ሕዝብ፣ ከአራሹ ዝቅ ብለው ብረት ቀጥቃጮች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ከሁሉም በታች አዳኞቹ ማንጆዎች ይቆጠሩ ነበር። በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ከፋን የጎበኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በኋላ በሁለት ቅጽ ያሳተመው ሥራ የዚህን ሥርዓት ብዙ ገጽታዎች መዝግቧል። የሥርዓቱ ቅራኔ ግን ከመዋቅሩ ከራሱ ይነበባል። ማንጆዎች ከማዕድ የተገለሉ ይሁኑ እንጂ ጫካውን የሚያውቁ፣ የመንግሥቱን ድንበርና በሮች የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። የአገሩ ደኅንነት በአደራ የተሰጠው የአገሩ ስኒ ለተነፈገው ነበር።

ለመገለሉ የሚሰጠው ምክንያት ምግብ ነው። ማንጆዎች ጉሬዛና ከርከሮ የመሳሰሉ የዱር እንስሳትን ይበላሉ ስለተባለ አብሯቸው የበላ ይረክሳል ተባለ። ምክንያቱን በታሪክ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ግን ይቀልላል፤ ይህን ምግብ ከተዉ ብዙ ዘመን የሆናቸው ቤተሰቦችም ከመገለል አልዳኑምና። ምግቡ ሲቀር መገለሉ ካልቀረ፣ ምግቡ ሰበብ እንጂ መንሥኤ አልነበረም ማለት ነው።

በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ከፋን ሲወጋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለአዲሶቹ ሹማምንትና ወታደሮች ተከፋፈለ፤ ከፋው ሁሉ በገዛ ርስቱ ላይ ገባር ሆነ፤ በባርያ ፍንገላም ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ተበተነም። ትናንት የበላይ የነበረው አራሽ ዛሬ በሌላ ጌታ ፊት አጎነበሰ። ሆኖም ከላይ የወረደበትን ቀንበር የተሸከመው ሕዝብ ከበታቹ ያሰመረውን መሥመር አልደመሰሰም። የተጨቆነ ሁሉ የሌላውን ጭቆና በቀላሉ ይረዳል የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ውርደት የደረሰበት ሰው ከእርሱ የባሰ የተዋረደ መኖሩን እንደ መጽናኛ ይዞ ሊኖር ይችላል።

ጉርምስና የወሰን ዕድሜ

ሕፃን ከዚህ መሥመር ጋር አይወለድም። በወንዝ ዳርና በሜዳ የሚገናኙ ሕፃናት መጀመሪያ የሚተዋወቁት በጨዋታ ነው። መሥመሩን በቤት ደጃፍ ይማሩታል፤ የሚጸናባቸው ግን በጉርምስና ነው። ለምን?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለዚህ ዕድሜ የሰጡት ግምት ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰፊ ሥራ ጉርምስናን የማዕበልና የውጥረት ዘመን አለው። ማርጋሬት ሜድ በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ ሳሞአ ልጃገረዶች በጻፈችው መጽሐፍ ማዕበሉ ከተፈጥሮ ይልቅ ከኅብረተሰቡ አኗኗር ይመነጫል ስትል ተከራከረች። ኤሪክ ኤሪክሰን በበኩሉ የዚህ ዕድሜ ዐቢይ ሥራ «ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ መሆኑን አስተማረ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጋርድነርና ስታይንበርግ በመኪና መንዳት ጨዋታ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ታዳጊዎች እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲኖሩ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይበልጥ አደጋን ሲደፍሩ፣ በአዋቂዎች ላይ ግን ይህ ለውጥ እምብዛም አልታየም። በአጭሩ የእኩያ ዐይን በጉርምስና ወቅት ያለው ክብደት በሌላ ዕድሜ የለውም።

ይህ እውቀት ወደ ከፋ ሲመጣ ብዙ ነገር ይገልጣል። ጎረምሳው ከማንጆ ጓደኛው ጋር ከአንድ ዕቃ ቢጠጣ ከአባቱ ቁጣ ይልቅ የሚያስፈራው የጓደኞቹ ሹክሹክታ ነው። አባት አንድ ቀን ተቆጥቶ ይበርድለታል፤ የእኩዮች ስላቅ ግን ነገም በትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ጉርምስና ፍቅርና ጋብቻ የሚታሰቡበት ዕድሜ ነው። በልጅነት አብሮ መጫወትን በቸልታ ያለፈ ወላጅ ልጆቹ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሩን ይዘጋል፤ ከክልከላዎቹ ሁሉ የጠነከረው በማንጆና በሌላው መካከል የሚደረግ ጋብቻ ነውና። በሌላው ወገን የማንጆው ጎረምሳ «ማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያነበው ከእኩዮቹ ፊት ላይ ነው። አጠገቡ ያለው የመቀመጫ ቦታ ባዶ ሆኖ የሚውል ተማሪ ከመምህሩ የሚሰማውን የሰው ልጅ እኩልነት እንዴት ያምናል? ከማንጆ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከመንገድ የሚያቋርጡት በድህነት ብቻ አይደለም፤ ባዶው ቦታም ያባርራቸዋል።

ዘማቹ ትውልድ

የእኩዮች ኃይል መሥመር ማጽናት ብቻ ሳይሆን መሥመር ማፍረስም እንደሚችል የኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጉርምስና ገና የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተከፈተው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ታዳጊዎች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀቱ ሥራ ተሳተፉ። በቀድሞው የከፋ ክፍለ ሀገር፣ በተለይም በጅማ አካባቢ፣ በዘማቾችና በአካባቢ ባለሥልጣናት መካከል ብርቱ ፍጥጫ ተፈጥሯል።

የመሬት አዋጁ ለማንጆው ትርጉም ነበረው። መሬት የማግኘትና የማኅበር አባል የመሆን መብት በጎሳ አልተለየም፤ ከደጅ ይቆም የነበረው ሰው በስብሰባ ላይ ሊቀመጥ ቻለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከፋ-ሞቻ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ማንጆውም ከፋውም የሚናገሩት ቋንቋ በፊደል ሰሌዳ ላይ ወጣ።

ነገር ግን የዚያ ትውልድ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። እኩያን ለበጎ ያነሣሣው እሳት ያንኑ እኩያ ለመብላትም በቅቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞች በደረሰው የእርስ በርስ መገዳደልና በቀይ ሽብር በአንድ ክፍል የተማሩ ወጣቶች በልዩ ልዩ ጎራ ተሰልፈው ተጠፋፉ። በጓደኛ ፊት ማፈግፈግ ከሞት የከፋ ነውር የሚመስልበት ዕድሜ ለጀግንነትም ለጭካኔም የተመቸ ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ትልልቆቹ በፊቱ የሚያኖሩለት ዓላማ ነው።

አዋጁም የስኒውን መሥመር አላጠፋም። በማኅበሩ ስብሰባ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ የቀድሞው ሥርዓት ቤት ጠብቆ ያገኛቸው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ቢደነግግም፣ በ1994 ዓ.ም. በከፋ የማንጆዎች የዘመናት ብሶት ደም ወደፈሰሰበት ግጭት ተለወጠ። ሕግ የበሩን መዝጊያ ሊከፍት ይችላል፤ እንግዳውን ወደ ማዕድ የሚጠራው ግን የቤቱ ሰው ነው።

የጋራ ሥራ

ታዲያ ወጣቶችን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን ይበቃልን? በ1954 እ.ኤ.አ. የቱርክ ተወላጁ የሥነ ልቡና ሊቅ ሙዛፈር ሸሪፍ በአሜሪካ ኦክላሆማ የ11 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸውን 22 ልጆች በሁለት ቡድን ከፍሎ በአንድ የበጋ ሰፈር አሰፈራቸው። ውድድር ሲገባባቸው ተሰዳደቡ፤ ተዳፈሩም። እንዲታረቁ በአንድ አዳራሽ አብረው እንዲበሉ ሲደረግ ምግቡን እየተወራወሩ ባሰባቸው። ጠቡ የበረደው የመጠጥ ውኃው መስመር ተበላሽቶ ሁሉም አብረው መፈለግ ሲኖርባቸው፣ የቆመውን መኪና ሁሉም በአንድ ገመድ ሲጎትቱ ነው። በዚያው ዓመት ጎርደን ኦልፖርትም ልዩ ልዩ ወገኖች መገናኘታቸው ፍሬ የሚሰጠው በእኩል ደረጃ፣ ለጋራ ግብ፣ በመተባበርና በኃላፊዎች ድጋፍ ሲሆን ነው ብሎ ጻፈ።

ለከፋ መምህር ትምህርቱ ግልጽ ነው። «አብራችሁ ብሉ» ብሎ ማዘዝ ከስኒው መጀመር ነው፤ ስኒው ግን የመንገዱ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ያለ ሌላው የማይወጣው ሥራ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱ የችግኝ ጣቢያ ጫካውን ከአባቱ የተማረውን የማንጆ ልጅ አዋቂነት ይፈልጋል፤ የዛፉን ስም የሚያውቀው ተማሪ በዚያ ቀን አስተማሪ ይሆናል። የእግር ኳስ ቡድን ጎል ያገባውን ልጅ ጎሳ ሳይጠይቅ ያቅፋል። የድራማ ክበብ ደግሞ ከሁሉ የጠለቀ ዕድል አለው፤ በመድረክ ላይ የተከለከለችውን ልጅ ሆና የምትጫወተው ከልካዩ ቤት ያደገችው ስትሆን፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ከደጅ መቆምን በገዛ እግሯ ታውቀዋለች። ተመልካቾቹም እኩዮቿ ናቸው። ስላቃቸው መሥመሩን እንዳጸና ሁሉ ጭብጨባቸው ሊያላላው ይችላል።

የኪነ ጥበብ ሰው ኃላፊነት ከዚህ ይጀምራል። ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የወጣ ጀበና፣ ማንጆዋ በተሸከመችው እንጨት ላይ ተጥዶ፣ አራሹ የለቀመውን ቡና ያፈላል። ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ሁሉም ተገናኝተውበታል፤ የሚለያዩት ስኒው ሲመጣ ብቻ ነው። በዋጫ ትምህርት ቤት ዛሬ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ልጆች ነገ የራሳቸው ቤትና የራሳቸው ረከቦት ይኖራቸዋል። በዚያ ረከቦት ላይ ለማን ስኒ እንደሚቀርብ የሚወሰነው በጉርምስናቸው ዘመን፣ በእኩዮቻቸው ፊት ነው።